ወንድሜ የዋጠው ድኝ

እኔ ስጋታም ነኝ። ልጆቼ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጃንጥላ ይዛ የምትወጣ እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት ሳድል ኖሬ ስጋታም ባልሆን ነበር የሚገርመው። ክኒኑ ከእጄ ከወጣ በኋላ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያደርገው አላይም። አንድ ያልኩትን ሦስት ያድርገው፣ ከምግብ በኋላ ያልኩትን በባዶ ሆዱ ይውጠው፣ ለጎረቤት ያካፍለው፣ በምን አውቃለሁ? ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ስልኬ ሲጮኽ መጀመሪያ የሚመጣብኝ «ደግሞ ማን ምን ዋጠ?» የሚል ሐሳብ ነው።

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ የማገኘው ሰው ሁሉ ስለ ድኝ ይጠይቀኛል። የድኝ እንክብል በቴሌግራም ይሸጣል፣ ከዓረብ አገር በሻንጣ ይመጣል፣ መድኃኒት ቤቶችም ከቫይታሚን ጎን ደርድረውታል። ለጉልበት ነው፣ ለወገብ ነው፣ ከሰውነት መርዝ ያስወጣል ይባላል። ገበያ መሐል አስቁመው «ወይንዬ፣ እውነት ይሠራል?» ይሉኛል። በአንድ ቃል የምመልሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! የምመልሰው የወንድሜን ነገር በመተረክ ነው፤ እሱን ለመተረክ ደግሞ ከሥራዬ መጀመሪያ መነሳት አለብኝ።

ከድኝ ጋር የተዋወቅሁት ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ስመደብ ነው። ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ለጋ ነበርኩ፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ብርዱ ብዙ። የአንኮበር ጉም በመስኮት እየገባ የክኒን ከረጢቶቹን ያረጥብብን ነበር። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ደምሴ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ያን ጊዜ እከክ ገጠሩን ይዞት ስለነበር የድኝ ቅባት እዚያው በእጃችን እንሠራ ነበር።

«አድቅቂ» ይሉኛል። አደቅቃለሁ። «ደቀቀ ስትዪ ገና ነው፤ ጨምሪ።» ቢጫውን ዱቄት በሙቀጫ ሳሽ ክንዴ ይዝላል። ከዚያ በመስታወት ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ በጥቂት ቫዝሊን ብቻ ማሸት ነው፤ ሁሉንም ቫዝሊን በአንድ ጊዜ ከገለበጡበት ዱቄቱ ይቋጠርና ቅባቱ ይጎረብጣል፣ የጎረበጠ ቅባት ደግሞ የሕፃን ቆዳ ይፍቃል። ሲያልቅ ጋሼ ደምሴ በጣታቸው ይነኩና ከእጃቸው አንጓ በታች፣ ቆዳው ስስ በሆነበት ቦታ ይቀቡታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዲት ቅንጣት ከተሰማቻቸው «እንደገና» ነው። አቤት ያቺን «እንደገና» ስጠላት! እንጀራ ስቆርስ እንኳ እጄ ድኝ ድኝ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት የብር መስቀሏን አንጠልጥላ እያለቀሰች መጣች። ቅባቱን ለልጇ ስትቀባ ውላ መስቀሉ ከሰል መስሏል። «ምን ዓይነት ነገር ነው የሰጣችሁኝ? መስቀሌን እንኳ አጠቆረው!» አለች። እኔ ደነገጥኩ፤ ድኝ ብር እንደሚያጠቁር በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ለእሷ መንገር ግን በሐሳቤም አልመጣም። ጋሼ ደምሴ ወጥተው አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ይቅርታ ጠየቋት፣ መስቀሉን ራሳቸው በአመድ ወልውለው መለሱላት። እሷ ስትሄድ «መድኃኒቱን ብቻ አትስጪ፤ ቤቷ ገብተሽ አብረሻት ዋይ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ልማዳቸው እንዲህ ነበር። ማንም ቢመጣ መጀመሪያ «ሌላስ ምን ትወስዳለህ?» ይላሉ። ሰውዬው አንድ ነገር ይጠራል። «ሌላስ?» ፌጦ ይላል፣ ዳማከሴ ይላል፣ ፀበል ይላል። አይስቁም፣ አይቆጡም፤ አፉ ባዶ እስኪሆን «ሌላስ?» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ «እስቲ አሁን አንተ ለእኔ ንገረኝ» ብለው አወሳሰዱን ያስደግሙታል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ከቶ አይዘሉም፤ «ኮሶ የምትጠጣው መቼ ነው?»

ይህን ለወጣቶቹ ማስረዳት አለብኝ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ የትል መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ሰው በየጊዜው ሆዱን የሚጠርግበት ሥርዓት ነበር። በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ እስኪያጣድፍ እህል አይቀመስም፣ በር ይዘጋል። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፤ ማንም አይቀየመውም። በዚያ ያደገ ሰው ታዲያ መድኃኒት ሁሉ ካላጣደፈው የሠራ አይመስለውም። ጋሼ ደምሴ ይህን ስለሚያውቁ ነበር የሚጠይቁት።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አረፉ። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። የኮሶ ክኒን ኮሶን ተካው፤ ከተማው ሰፋ፣ ሰዉ በዛ፣ ወረፋው ረዘመ። «ሌላስ?» የምትለዋን ያዝኩ። የኮሶዋን ጥያቄ ተውኳት። ማን ኮሶ ይጠጣል በዚህ ዘመን ብዬ!

የመጨረሻ ዓመታቴን የሠራሁት በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ነው። ባለቤቱ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ወጣት ፋርማሲስት ነው፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ክፋት የሌለበት። የድኝ እንክብሉን ሲያስገባ ተነጫነጭኩ። «ወይንዬ፣ እኛ ካልሸጥነው ከማያውቅ ሰው ይገዙታል። ቢያንስ አንቺ ትመክሪያቸዋለሽ» አለኝ። ስለ እንክብሉ ያገኘሁትን አነበብኩ፣ እሱንም ጠየቅሁት። ኤም ኤስ ኤም የሚሉት የድኝ ውሁድ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቢጫ ድኝ አይደለም። የጉልበት ሕመም ትንሽ ቀለል የሚልላቸው ሰዎች አሉ፣ ምንም የማይላቸውም አሉ፤ ሆድ ሊያውክ ይችላል። መርዝ ማስወጣቱን ግን ጉበትና ኩላሊት ያለ ማንም ጉትጎታ ይሠሩታል። ለገዢው ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። ገሚሱ ይመለሳል፣ ገሚሱ «ለማንኛውም ስጪኝ» ይላል።

ጡረታዬ ሲቃረብ ወንድሜ አንድ የላስቲክ ዕቃ በነጠላው ጠቅልሎ መጣ።

ወንድሜ መሪጌታ ፍስሐ ይባላል። ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ባለ ደብር ማህሌት ይመራል። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አገሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል፣ እኔ በጀርባው ታዝዬ ስላደግሁ አንተ እለዋለሁ። ማህሌት ማለት ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፎ መቆም፣ መሸብሸብ፣ መወረብ ነው። በዚያ ላይ ያ አቀበት አለ። ጉልበቱ አብጦ ኳስ አክሏል። የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ደርሶ ነበርና የሚያስጨንቀው ያ ብቻ ነው። ሌላው ደክሞት ቢቀመጥ አይከፋውም፤ መሪ ግን ቆሞ ነው የሚመራው ባይ ነው።

«ማርታ ከቤይሩት ላከችልኝ» አለና ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ማርታ ልጁ ናት። «ምን ይላል?»

«የድኝ እንክብል ነው፣ ወንድም ጋሼ። መገጣጠሚያ ይረዳል፣ ከሰውነት መርዝ ያጸዳል ይላል።»

«እውነቱን ነው?»

«ለጉልበትህ ምናልባት ትንሽ። ማጽዳቱን ተወው። ከምግብ በኋላ አንድ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። የግፊት ክኒኖችህን ደግሞ እንዳታቋርጥ።»

«እሺ።»

«ሌላስ ምን ትወስዳለህ?»

«ምንም።»

«ሌላስ?»

«ወይ አንቺ ልጅ! ጸሎት እወስዳለሁ፤ እሱንም ልታስቆሚኝ ነው?»

አስደገምኩት። በዜማ አድርጎ «ከምግብ በኋላ አንድ፣ ከብዙ ውሃ ጋር» ብሎ ሲያዜምልኝ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የግፊት ክኒኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሚያሸና ነው። ሐኪሙ ያዘዘለትን አውቃለሁ፣ ከድኙ ጋር የሚጣላ ነገር አላየሁም። ግን ስጋቴ አልለቀቀኝም። ማታ ደወልኩለት። በማግስቱም ደወልኩ። «ደህና ነኝ፤ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ፣ እንደ መቆጣት ብሎ።

ከዚያ ስልኩ አይነሳም። ዛሬም አይነሳም፣ ነገም አይነሳም። ባለቤቱ እትዬ አስካለ በመጨረሻ አነሳች።

«ወይንሸት፣ ደግ አይደሉም። ሆዳቸው አልቆም አለ። አሁንማ ሽንታቸውም ቀረ።»

«ምን በልቶ ነው?»

«ምንም አልበሉም። ድኙን ወስደው ተኝተው ነው። በር ዝጊ፣ ሰው አታስገቢ ስላሉኝ ዝም አልኩ።»

በር ዝጊ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «አሁኑኑ መኪና ይዘሽ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አምጪው» አልኳትና ጋዋኔን ሳላወልቅ ወጣሁ።

በኮንትራት መኪና ይዘውት እስኪመጡ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ያሰብኩትን እግዜር አይቁጠርብኝ። ጉሙ መንገዱን ዘግቶት ይሆን? መንገድ ላይ ቢያልፍስ? ምን ብዬ ለማርታ እነግራታለሁ? ሲያወርዱት ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ወይኒቱ፣ አጸዳኝ» አለኝ። በዚያ ሁኔታው እንኳ ሊያስቀኝ ይሞክራል። አልሳቅሁም፤ ጮኽኩበት።

ያደረገው ይህ ነው። ንግሡ ሳይደርስ ሰውነቱን ጠርጎ ሊጨርስ ፈለገ። እንደ ኮሶ በባዶ ሆዱ እንክብሉን በእፍኙ ወሰደ፣ እህል ከለከለ፣ ውሃ ከለከለ። ሲጠብቅ ሆዱ ዝም አለው። አልሠራም ብሎ ደገመ። ከዚያ አጣደፈው፣ እሱም መርዙ ወጣልኝ ብሎ ደስ አለው። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቀው በቁጣ ነው የመለሰልኝ። «የሚያጸዳ ከሆነ ማጽዳቱን ላየው አይገባም እንዴ?»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የሚወስደውን ሁሉ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ድኙን፣ ሁለቱን የግፊት ክኒኖች ቆጥሬ ጨረስኩ። «እነሱን አቁሞ ነበር?» አለችኝ። ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ።

«ኧረ አላቆሙም! እህቴ አደራ ብላኛለች ብለው አንድም ቀን አልዘለሉም። ይቺን ማስታገሻቸውንም ሳልረሳ እሰጣቸው ነበር» አለችና ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ዲክሎፍናክ ነው። ከሱቅ እየተገዛ ጠዋት ማታ ሲውጠው የኖረው።

«ሌላስ ስለው ምንም ብሎኝ ነበር እኮ!»

«እሱ መድኃኒት ነው እንዴ? ማስታገሻ ነው» አለችኝ፤ ከልቧ ገርሟት።

ሐኪሟና እኔ ተያየን። ሆዱ ውሃውን ጨርሶታል፣ የሚያሸናው ክኒን የቀረችውን አውጥቷታል፣ ሌላኛው የግፊት ክኒንና ማስታገሻው ደግሞ ተባብረው ኩላሊቱን ደም አሳጥተውታል። ሰውነቴን ላጽዳ ብሎ ሰውነት የሚያጸዳውን ኩላሊት አስቆመው። በሁሉም ነገር ሳይሰማኝ፣ ሆዱ ሲያጣድፈው መቆም በነበረባት በአንዷ ነገር ሰማኝ። ተቅማጥ ከያዘህ የግፊቱን ክኒን አቁመህ ደውልልኝ አላልኩትም። እሷ ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ግሉኮስ ተሰካለት። ካልሸና አዲስ አበባ ሊላክ ነው፣ ኩላሊት ወደሚያጥብ ማሽን። እኔና አስካለ አልጋው ሥር የተንጠለጠለችውን የሽንት ከረጢት እያየን ተቀመጥን። ባዶ ናት። አስካለ ማርያምን ትጠራለች፤ እኔ የመድኃኒቶቹን ስም በሆዴ እየጠራሁ የትኛው ቀድሞ እንደጎዳው አሰላለሁ፣ ምን ሊጠቅመኝ! ሐኪሟ ትመጣለች፣ ታያለች፣ ትሄዳለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስካለ «ወይንሸት!» ብላ ጮኸች። ጥቂት፣ ሻይ የመሰለ ነገር በቱቦው ወረደ። እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩት። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ሽንት አይተን ተቃቅፈን ስናለቅስ ያየ ሁሉ ምን እንዳለ አላውቅም።

ትንሽ ዓይኑን ሲገልጥ «የተረፈው እንክብል የታል? ልጣለው» አልኩት።

«አልተረፈም።»

«ሁሉንም ዋጥከው?»

«ምን ነካሽ? የመጣልኝን ብቻዬን እበላለሁ? ለማህሌታውያኑ አካፈልኳቸው። የሁሉም ጉልበት ነው እኮ የታመመው። አወሳሰዱንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከንግሡ በፊት ሆዳቸውን ጠርገው እንዲቀርቡ።»

እነዚያ ሽማግሌዎች! ግማሾቹ ግፊት አለባቸው፣ ስኳር ያለበት አለ፣ ማስታገሻ የማይውጥ አንድም አይኖርም። «መቼ ነው የሚውጡት?» ስለው «ነገ ይመስለኛል» አለኝ። ወጥቼ ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ። «እዚህ መተኛቴን እንዳትነግሪብኝ። ለጉዳይ ሄዷል ብለሽ እለፊው። አደራ።»

አንኮበር ድረስ መኪናው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሹፌሩ «እትዬ፣ ፍሬኑን እኔ ነኝ የምይዘው» አለኝ፤ ለካ በእግሬ ወለሉን እየረገጥኩ ኖሯል። ማህሌታውያኑ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰብስበው ለንግሡ ያጠናሉ። የሁሉንም ፊት አየሁ። ቆመዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልዋጡትም።

«አባቶቼ፣ መሪጌታ የሰጧችሁን እንክብል መልሱልኝ» አልኩ።

ቄሰ ገበዙ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አዛውንት ናቸው፣ በትሕትና ግን በማያወላዳ ቃል መለሱልኝ። «ልጄ፣ አንቺን እናከብርሻለን። ግን መሪጌታ በእጃቸው የሰጡንን፣ እሳቸው ሳይሉን እንዴት እንመልሳለን? እሳቸው ራሳቸው የት ናቸው?»

«ለጉዳይ...» አልኩና አቋረጥኩት። አደራውን ልብላ? ዝም ብል እነዚህ ሰዎች ነገ በባዶ ሆዳቸው ይውጡታል። አንዱ ቢሞትስ? ስልኬን አወጣሁና ደወልኩለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ መሐላቸው ያዝኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ ደጀ ሰላም ነኝ። አባቶች አንተ ካላልክ አንመልስም ብለዋል። ይሰሙሃል።»

የሆስፒታሉ ጫጫታ ይሰማል። በዚያ አገር የእሱን ቃል የሚያርም የለም፤ የሳተውን የሚያቃናው እሱ ነው። ስልኩን ወደ ቄሰ ገበዙ ጠጋ አደረግሁት።

«ሆስፒታል ተኝቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያ መድኃኒት እንደ ኮሶ አይወሰድም ኖሯል። እህቴ ነግራኝ ነበር፣ እኔ አውቃለሁ ብዬ ነው። ልሞት ነበር። ስጧት፤ አንዳችሁም እንዳትውጡት።»

ከዚያ እጆች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከካፖርት ኪስ፣ ከመጽሐፍ ማኅደር፣ ከጥምጥም እጥፋት ሁሉ እየወጣ ዘንቢሌ ውስጥ ገባ። ቄሰ ገበዙ የራሳቸውን መጨረሻ ጣሉና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱኝ።

«እሺ፣ ወሰድሽው። ታዲያ ለዚህ ምን ትሰጪናለሽ?»

መቀለዳቸው አልነበረም። የሥራ ዘመኔን ሁሉ መድኃኒት ስሰጥ ኖሬ በዚያች ሰዓት በእጄ ያለው አሁን የተቀበልኳቸው እንክብል ብቻ ነበር። አሳዘኑኝ። ሕመሙ እኮ እውነት ነው።

«ወንበር» አልኳቸው። «ጉልበታችሁ ሲብስ ተቀመጡ፤ ተቀምጣችሁ አዚሙ።»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ሞላ። «በወንበር ማህሌት ልታስመራን ነው!» አለ አንዱ። ስልኩን ዘግቼው መስሎኝ ነበር፤ ክፍት ነው።

«አትሳቁ» አለ የወንድሜ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። «ለንግሡ ከደረስኩ ለእኔም አንድ አስቀምጡልኝ።»